በጥቂት ገንዘብ የትኛው ሸክላ ይገዛ?

ገንዘብ የሞላለት ሰው ምርጫ አያስጨንቀውም፤ ሁለቱንም ይገዛል። ምርጫ የሚያስጨንቀው ፍላጎቱ ብዙ፣ ኪሱ ግን ጥቂት የሆነውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከአንድ ዕቃ ፊት ቆሞ «ይህን ብገዛ ያ ይቀርብኛል፤ ያን ብገዛ ይህ ያመልጠኛል» እያለ ሲያሰላስል ይቆያል። የሆነ ሆኖ ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። ሁሉን ለመግዛት የማይችል ሰው የግድ ይመረምራል፤ የሚመረምር ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ዐዋቂ ይሆናል። ማለፊያ ስብስብ ያለውም ብዙ የከፈለው ሳይሆን ብዙ የመረመረው ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ ሙዚቃ ሸክላ ነው። በእጅ ስልክ ሺህ ዘፈን መስማት በሚቻልበት ዘመን አሮጌ ሸክላ ፈልጎ መግዛት ምን ይረባል የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ ኋላ እንደርስበታለን። እንዲያውም የትኛው ሸክላ መገዛት እንዳለበትና የትኛው መቅረት እንዳለበት የሚያሳየን ይኸው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ሸክላ የተጻፈው ነገር የሚበዛው በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ነው።

ኮልፌና አሮጌ ዕቃ

የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚገኝ ሰፊ አገር ነው። አጠና ተራን፣ 18 ማዞሪያን፣ እፎይታን፣ ቤቴልን፣ ዓለም ባንክንና አየር ጤናን የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ጥቂት ነው። የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ ኮልፌን የሚያውቁት ኔልሰን ማንዴላ በ1962 መጥተው የውትድርና ትምህርት የተማሩበት የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ያለበት ቦታ በመሆኑ ነው። ለሸክላ ፈላጊ ግን የኮልፌ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም በሁለት ስፍራዎች መካከል መገኘቱ ነው።

በአንድ በኩል መርካቶ አለ። በመርካቶም ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እንደገና ዋጋ የሚያገኝበት ነው። የተሰበረው ይጠገናል፤ የዛገው ይወለወላል፤ ለአንዱ የማይጠቅመው ለሌላው ይሆናል። በሌላው በኩል ደግሞ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው የረጲ ስፍራ አለ። ይህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማይቱ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ፣ በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ሕይወት ያጠፋ ስፍራ ነው። ከአንድ ቤት የወጣ አሮጌ ዕቃ እንግዲህ ዕጣው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ እንደገና ይሸጣል፤ ወይ ከጥራጊ ጋር ይጣላል።

ይህን ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ማለዳ በየመንደሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ነው። ቁራሌው ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱንና ብረቱን ያውቃል፤ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣለት ያውቃልና። ከአልጋ ሥር በካርቶን እንደ ተጠቀለለ የወጣው ሸክላ ግን ገዢው ካልታወቀ ሸክም ብቻ ነው። ሸክም ደግሞ ይራገፋል።

ስለዚህ በኮልፌ የሚኖር ሸክላ ወዳድ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆን እንኳ ሩቅ አገር ያለ ባለጠጋ የማያገኘው አንድ ዕድል አለው። እርሱ ለምንጩ ቅርብ ነው። ዕቃው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሳይተላለፍ፣ በየእጁም ትርፍ ሳይጨመርበት ሊያየው ይችላል። ለመንደሩ ቁራሌው «ሸክላ ስታገኝ ከሌላው በፊት ለእኔ አሳየኝ» ብሎ የስልክ ቁጥር መስጠት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ለጎረቤትና ለዕድር ሰው ነገሩን ማስታወቅም እንደዚሁ ነው።

ጠቅላላው ስንት ነው?

ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የነገሩን ብዛት ማወቅ ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ባስቀረጹ ጊዜ ሲሆን፣ ዘመኑም ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1948፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። የቴአትርና የሠራዊት ኦርኬስትራዎች በየምሽቱ ሲጫወቱ፣ ጥላሁን ገሠሠንና ብዙነሽ በቀለን የመሰሉ ድምፃውያን ሕዝብን ሲያስደስቱ፣ ገበያ ላይ የሚወጣው ሸክላ ግን ከዚህ ሁሉ ሀብት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነበር።

ይህን አጥር ደፍረው የጣሱት አምሃ እሸቴ ናቸው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ በ1969 «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አወጡ። ሸክላቸውንም በውጭ አገር እያሳተሙ ያስመጡ ነበር። ክስ ይመጣብኛል ብለው ወደ ኋላ አላሉም፤ እስከ 1975 ድረስም 103 ነጠላ ሸክላና 12 ረዥም ሸክላ አወጡ። በዚያው ዘመን ፊሊፕስ የተባለው የውጭ ኩባንያ፣ እንደዚሁም አሊ ታንጎ በሚባለው ስም የታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ ያቋቋሙት «ካይፋ ሪከርድስ» ሸክላ ያሳትሙ ነበር።

ከዚያም የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ጨዋታ ቀረ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያው ላይ ካሴት ገበያውን ያዘ። ካሴት በርካሽ ይባዛል፤ በኪስ ይያዛል፤ ውጭ አገር ልኮ ማሳተምም አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት የሸክላው ዘመን በአጭሩ ተቀጨ። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክ በሰፊው ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው ከ1969 እስከ 1978 ድረስ የወጣው ጠቅላላ ሸክላ ወደ 500 የሚጠጋ ነጠላና 30 ያህል ረዥም ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ለሰብሳቢ ትልቅ ትምህርት አለው። የአሜሪካን ወይም የእንግሊዝን ሸክላ ልሰብስብ የሚል ሰው ዳርቻ ወደሌለው ባሕር እንደ ገባ ይቆጠራል። የእኛ ግን ዳርና ዳሩ የሚታይ ሐይቅ ነው። 500 ነጠላ ሸክላ በፊትና በጀርባው ሲቆጠር 1,000 ያህል ዘፈን ይሆናል። በወር አንድ ሸክላ ብቻ የሚገዛ ሰው በዓመት 12፣ በ10 ዓመት ደግሞ 120 ይኖረዋል። ይህም ከጠቅላላው ነጠላ ሸክላ ሩቡን ሊያክል ምንም አልቀረው። እንግዲህ በጥቂት ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሥራው ከንቱ ድካም ነው ማለት አይቻልም፤ የአንድን ዘመን ድምፅ ሩብ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊጠብቅ ይችላልና።

ዝነኛው ሸክላ

ታዲያ በወር አንድ ሸክላ ሲገዛ የትኛውን ይግዛ? አብዛኛው ጀማሪ የሚመኘው ዝነኛውን ነው። ዝናው የመጣበትን መንገድ ብናውቅ ግን ምኞታችን ረጋ ይላል።

ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ ተከታታይ ሲዲዎች ማሳተም ጀመረ። አራተኛው ክፍል የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ የያዘ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ባለሙያ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ባሰማ ጊዜ የኢትዮጵያን ስም በሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ «ይህ ምንድር ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የጃፓን ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ሸክላ መፈለግ ያዙ። ኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጡትን «ቼ በለው» የተባለውን ረዥም ሸክላ የመሰለው በብዙ መቶ ዶላር ይሸጥ ጀመር። ኃይሉ መርጊያ ራሳቸው በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ሸክላው ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ለሠሪው አንድ ሳንቲም እንደማይደርሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። «ቼ በለው» በ2014 በአሜሪካ እንደገና ታትሟል። ሙላቱ በ1972 በኒው ዮርክ ያወጡት «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና ወጥቷል። የማሕሙድ አሕመድ፣ የዓለማየሁ እሸቴ፣ የጥላሁን ገሠሠና የጌታቸው መኩሪያ ዘፈኖችና ዜማዎች በኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ ይገኛሉ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ሳይቀር በ21ኛው ክፍል ገብቷል። እነዚህ ድምፆች ድነዋል። ነገ በዓለም ላይ ያሉት የመጀመሪያ ሸክላዎች ሁሉ ቢሰበሩ እንኳ ዜማዎቹ አይጠፉም።

እንግዲህ ዝነኛውን የመጀመሪያ ሸክላ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለድምፁ አይደለም፤ ለብርቅነቱ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ይግዛ። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት የሚከፍል አባወራ ግን ለብርቅነት ሲል የወር ቀለቡን ቢሰጥ ትዳሩን ይጎዳል፤ ለሙዚቃውም ያተረፈለት ነገር የለም። ዝነኛው ሸክላ ጠባቂ አያጣም፤ ዋጋው ራሱ ዘበኛው ነው።

ያልዳነው ሸክላ

ከላይ ያቆየነውን ጥያቄ የምንመልሰው እዚህ ላይ ነው። ሁሉ ነገር በስልክ ውስጥ ካለ ሸክላ ለምን ይገዛል? መልሱ «ሁሉ ነገር በስልክ ውስጥ የለም» የሚል ነው። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ስልኩን የሸክላ ጠላት ሳይሆን የሸክላ መፈተኛ ያድርገው። ከመግዛቱ በፊት በክቡ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም በስልኩ ይፈልግ። የፊተኛው ገጽ ከተገኘ የጀርባውን ይፈልግ። ሁለቱም ከተገኙ፣ በግድ የሚወደው ዘፈን ካልሆነ በቀር፣ ይለፈው። ካልተገኙ ግን ቆም ብሎ ያስብ፤ ምናልባት በእጁ የያዘው ማንም ያላዳነውን ድምፅ ነው።

በተለይ የሸክላው ጀርባ ሊናቅ አይገባውም። ሸክላ የሚሸጠው በፊተኛው ገጽ ዘፈን ነበር፤ ሬዲዮም የሚያሰማው፣ ቡና ቤትም የሚያጫውተው ያንኑ ነው። የጀርባው ዘፈን ግን ማሟያ ተብሎ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። እንደገና ሲታተምም የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀው ዘፈን ስለሆነ የጀርባው ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዚህም በቀር የኮልፌ ሰው ከውጭ አገር ገዢ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ቋንቋ ነው። የውጭ አገር ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ምቱን፣ ሳክስፎኑንና ኦርጋኑን ሰምቶ ነው። ግጥሙ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይገባውም። ስለዚህ በውጭው ገበያ ዋጋ የሚያወጣው ነሐስ ባንድ ያለበት፣ የሚያስጨፍር ሸክላ ነው። ክራር ብቻውን የሚጫወትበት፣ ሰምና ወርቁ የሚመረመርበት፣ ሽለላው፣ ፉከራው፣ እንጉርጉሮው በዚያ ሚዛን ይቀልላል። የካሣ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ አማርኛ ዐዋቂ ግን ሚዛኑ የተገለበጠ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለው ዕቃ ለእርሱ ከፍ ያለው ሊሆን ይችላል። የውጭ አገር ዋጋ ሌላ፣ የጆሮ ዋጋ ሌላ መሆኑን ያወቀ ሰው በጥቂት ገንዘብ ብዙ ይገዛል።

ይህ በአማርኛ ብቻ አይወሰንም። በዚያ ዘመን ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ ተወልደ ረዳና በረከት መንግሥተአብ በትግርኛ ዘፍነው በሸክላ አስቀርጸዋል። ከእነዚህ ስመ ጥሮች ጎን የዝናን ደጅ ሳይረግጡ የቀሩ ዘፋኞችም ነበሩ። በኮልፌ ደግሞ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ ጋሞው፣ አማራው፣ ትግሬው በአንድ አጥር ተጠጋግቶ ይኖራል። አንዱ ያልገባውን ዘፈን ጎረቤቱ ሊተረጉምለት ይችላል። የዘፋኙን አገርና ወገን የሚያውቅ አዛውንትም ከዚያው መንደር ይገኛል። እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት በፓሪስም ሆነ በቶኪዮ በገንዘብ አይገዛም።

ዕቃውን መመርመር

የሚገዛው ሸክላ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ደኅንነቱን መመርመር ነው። በገበያ የሚገኘው ሸክላ ሦስት ዓይነት ነው። ጥንታዊው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሲሆን እንደ ስሙ እውነተኛ ሸክላ ነው፤ ከወደቀ ይሰበራል። ሁለተኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ነጠላ ነው። ሦስተኛው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረው ረዥሙ ነው። ሁለቱ የኋለኞቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ ቢወድቁ እንደ ገል አይሰበሩም፤ ነገር ግን ይጫራሉ፤ በፀሐይም ይጣመማሉ።

ገዢው ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ወደ ብርሃን ዘንበል ያድርገው። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መልካም ነው። ግራጫ ሆኖ ከፈዘዘ በተበላ መርፌ ብዙ ጊዜ ስለ ተጫወተ ነው፤ ይህን ማጠብ አይመልሰውም። ጭረት ሲያይም በጥፍሩ ቀስ ብሎ ይዳስስ። ጥፍር የማይዘው ጭረት ለዓይን ቢያስከፋም ድምፅ ላይ እምብዛም አይጎዳም። ጥፍር የሚይዘው ግን መርፌውን ያዘልላል ወይም ባለበት ያስቆመዋል። ከዚያ የመሐሉን ቀዳዳ ዙሪያ ይመልከት። በክቡ ወረቀት ላይ ብዙ የመፈግፈግ ምልክት ካለ ሸክላው ብዙ ጊዜ ወጥቶ የገባ፣ ምናልባትም በቡና ቤት ሌሊቱን ሲዞር የኖረ ነው። በመጨረሻም ሸክላውን በዓይኑ ትክክል አግድም ይዞ መጣመሙን ይመርምር።

ሆኖም አንድ ነገር ይለያል። ሌላ ቦታ የሚገኝ ዘፈን ከሆነ የተጎዳውን ሸክላ መግዛት ሞኝነት ነው። የትም የማይገኝ ከሆነ ግን እያንኳኳና እየተንኮሻኮሸ የሚሰማ ድምፅም ከምንም ይሻላል። የሸክላው ውበት የሚጠየቀው ምትክ ሲኖረው ነው።

መርፌውና ቤቱ

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ሁሉ በሸክላው ላይ ያውልና መርፌውን ይረሳል። ይህ ጥሩ በሬ ገዝቶ ቀንበር እንደ ማጣት ነው። የተበላ መርፌ የሸክላውን መስመር እየፋቀ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ መስመር ደግሞ አይመለስም። በየገበያው የሚታየው ርካሽ ባለሻንጣ ማጫወቻ ክንዱ ከባድ ነው፤ እስከ 5 ግራም ያህል ይጫናል። በመልካም የተስተካከለ ማጫወቻ ግን በ2 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ባለ 78ቱ ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል፤ የነጠላው መርፌ በውስጡ ይዋልላል።

ማጽዳቱም ብዙ ወጪ የለውም። ለፕላስቲኩ ሸክላ የተጣራ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል፤ ጨርቁም መስመሩን ተከትሎ ይዙር፤ ክቡ ወረቀት አይንካው። ጥንታዊውን ባለ 78 ሸክላ ግን አልኮል ከነካው ይሟሟል፤ ስለዚህ ከአልኮል ፈጽሞ ይራቅ። ሸክላ እንደ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ አይከመርም፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ከጣሪያው ሥር ያለው ቆጥ በቀትር እሳት ነው፤ እዚያ የተሰቀለ ሸክላ ይጣመማል። በክረምት ደግሞ ከጭቃ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ሽፋን ይሻግታል። ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ ሣጥን ለሁለቱም መድኃኒት ነው።

የገንዘቡ ስሌት

አሁን ወደ ኪሱ እንመለስ። ለሸክላ የሚውለው ገንዘብ ከቀለብ፣ ከኪራይና ከዕድር በኋላ የሚተርፈው ብቻ ይሁን። ከዚያ ውስጥ ከእያንዳንዱ 10 ብር 5ቱ ሰው ሳይነግረው ራሱ ለሚወደው ዘፈን ይዋል፤ የማይሰማ ሸክላ ተቀብሯልና። 3ቱ ስልኩ ላላገኘው፣ ላልዳነው ሸክላ ይሁን። የቀረው 2 ብር ለመርፌ፣ ለሽፋንና ለማጽጃ ይቀመጥ። በአንድ ወር የሚገዛ ካልተገኘ ገንዘቡ ለሚመጣው ወር ይዛወር እንጂ «እጄ ባዶ ከሚመለስ» ተብሎ አይጣል። ባዶ እጅ መመለስ ከመሰብሰብ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

አንድ ደብተርም አይጥፋ። የገዙትን፣ የገዙበትን ቀንና ዋጋ፣ ከማን እንደ መጣ፣ የምን ያህል ጉዳት እንዳለበት መጻፍ ይገባል። ሁለት ጊዜ ያንኑ ዘፈን ከመግዛት የሚያድነው ይህ ደብተር ነው።

ከዚህ የሚበልጥም መንገድ አለ፤ እርሱም ሁላችንም የምናውቀው ዕቁብ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ሸክላ ወዳዶች በወር በወር ጥቂት ብር ቢያዋጡ፣ ዕጣው የደረሰው ሰው ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ሸክላ ይገዛል። ሌሎቹም በእሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ያዳምጡታል። ሸክላው የአንዱ ቢሆንም ድምፁ የሰባቱ ነው። ሰባቱ እርስ በርሳቸው የያዙትን ካወቁ ያንኑ ሸክላ አይሻሙም፤ ዋጋውንም በከንቱ አያስወድዱም። አንዱ የክራሩን፣ ሌላው የትግርኛውን፣ ሌላው የፖሊስ ኦርኬስትራውን ቢይዝ በመንደሩ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ተቋቋመ ማለት ነው።

ስለ ሻጩ

ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። አሮጌ ሸክላ ከቤት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ነው። ሻጪዋ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩም የአባቱን ዕቃ ምንነት የማያውቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ገዢው ርካሽ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በብዙ ዶላር የሚሸጥ ሸክላ መሆኑን እያወቀ በሻይ ዋጋ መውሰድ ንግድ ሳይሆን ማታለል ነው። «ይህ ብዙ ያወጣል፤ እኔ የምከፍለው አቅም የለኝም፤ ለሚከፍልዎ ይሽጡት» ማለት የሚያስከብር ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መንደሩ ያምነዋል፤ በሚመጣው ጊዜ ሸክላ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠራውም እርሱ ይሆናል።

ከሸክላው ጋር ታሪኩንም መቀበል ይገባል። ማን ገዛው? ለየትኛው ሰርግ ተጫወተ? ባለቤቱ የትኛውን ዘፈን ይወዱ ነበር? ይህን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ በሽፋኑ ውስጥ ማኖር የሚያስከፍለው ነገር የለም። ላልዳነው ሸክላ ደግሞ ድምፁን በስልክ ወይም በሌላ መሣሪያ ቀርጾ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የሚቀረጸው ግን ለማዳን እንጂ ለመሸጥ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ሥራው የባለሙያው ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅም ይህን መብት ይጠብቃል።

በጠቅላላው ስንመለከተው ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰብሳቢ ባለጠጋውን ለመከተል ሲሮጥ ይደክማል፤ የራሱን መንገድ ቢይዝ ግን ባለጠጋው የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ዘመን ስመ ጥሮች መካከል ዓለማየሁ እሸቴና አምሃ እሸቴ በ2021፣ ዓሊ ቢራ በ2022፣ ሙሉቀን መለሰ በ2024 አርፈዋል። የሠሩት ሥራ ግን ስማቸውን ያስጠራል። ያልታወቁት ባልደረቦቻቸው ድምፅ ግን ዛሬም በአንድ ካርቶን ውስጥ ሆኖ በቁራሌው ትከሻ ላይ በኮልፌ መንገድ ያልፍ ይሆናል። ወደ ገበያው ወይስ ወደ ጥራጊው ይሄድ እንደሆነ የሚወስነው በዚያች ሰዓት አስቁሞ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው መኖሩ ነው።